ሕግ ከደጃፍ ሲደርስ

አንባቢ ሆይ፤ ሕግ በአዋጅ ሲነገር ያምራል፤ ፈተናው የሚጀምረው ከሰው ደጃፍ ሲደርስ ነው። ለዚህ ነገር የሜክሲኮ ታሪክ መልካም ምስክር ስለሆነ ዛሬ ወደዚያች አገር እንሻገር። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሜክሲኮ በ1821 ከስፔን አገዛዝ ነፃ ወጣች፤ የቆየው ሥርዓት ግን ከገዢዎቹ ጋራ አብሮ አልሄደም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በከተማም በገጠርም ብዙ ቤትና መሬት ነበራት። ካህናትና ወታደሮች የሚዳኙት በየራሳቸው ፍርድ ቤት ነበር። ልጁን ለማስጠመቅ፣ ለመጋባት ወይም ሬሳ ለማስቀበር የሚመጣ ድኻ ደግሞ ለደብሩ ቄስ ገንዘብ ይከፍላል።

በ1855 አምባገነኑ ሳንታ አና ሲወድቅ፣ ሊበራል የሚባሉት ለውጥ ፈላጊዎች መንግሥቱን ያዙ። ከነርሱ አንዱ ቤኒቶ ሁዋሬዝ ነው። በ1806 በኦዋሃካ ተራሮች ከሳፖቴክ ነገድ ተወለደ፤ በሦስት ዓመቱ ወላጆቹን አጣ፤ ከእረኝነት ተነሥቶም ጠበቃ ሆነ። በ1834 ቄሳቸው በክፍያ አስመረረን ብለው ለከሰሱ የገጠር ሰዎች ጥብቅና በመቆሙ ታስሮ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሦስት ሕጎች ተከታትለው ወጡ። በ1855 የሁዋሬዝ ሕግ የካህናት ፍርድ ቤቶች የፍትሐ ብሔር ጉዳይ እንዳያዩ ከለከለ። በ1856 የገንዘብ ሚኒስትሩ የሌርዶ ሕግ ቤተ ክርስቲያን ራሷ የማትገለገልበትን ቤትና መሬት ለተከራዮቹ እንድትሸጥ አዘዘ። በ1857 የኢግሌሲያስ ሕግ ከዕለት ጉርሱ የማያልፍ ገቢ ያለው ድኻ ለጥምቀት፣ ለጋብቻና ለቀብር እንዳይከፍል ደነገገ።

በዚያው ዓመት አዲስ ሕገ መንግሥት ወጣና የመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ እንዲምሉለት ታዘዙ። ጳጳሳቱም በበኩላቸው፣ የማለ ሰው መሐላውን በአደባባይ ካልሻረ ንስሐው ተቀባይነት እንዳያገኝ አዘዙ። አንባቢ ሆይ፤ እስቲ በዚያ ዘመን በአንድ ትንሽ ከተማ መዝገብ ቤት በምትገኝ የጸሓፊ ወንበር ላይ ራስህን አስቀምጥ። ባትምል ከሥራህ ትባረራለህ፤ ብትምል በሞት አልጋህ ላይ የሚያናዝዝህ ታጣለህ። የሚገርመው ያ ሕገ መንግሥት የእግዚአብሔርን ስም በመጥራት የሚጀምር ነበር፤ ካረቀቁትም ብዙዎቹ ካቶሊካውያን ነበሩ።

ክርክሩ ወደ ጦርነት ዞረ። ከ1858 ጀምሮ ለሦስት ዓመት ወንድም ከወንድሙ ተዋጋ። ሁዋሬዝ ቬራክሩዝ ወደብ ላይ መንግሥቱን አቁሞ፣ በ1859 የቤተ ክርስቲያንን ንብረት ለመንግሥት አደረገ፤ ጋብቻ በመንግሥት ሹም ፊት እንዲፈጸም፣ መቃብርም በመንግሥት እጅ እንዲሆን ደነገገ። በ1860 የሃይማኖት ነፃነት ታወጀ፤ በጥር 1861 ሊበራሎቹ ዋና ከተማውን ያዙ።

መሬቱስ ምን ሆነ? የሌርዶ ተስፋ ተከራዩ ባለርስት እንዲሆን ነበር። ሕጉ ለተከራዩ የመግዛት ቅድሚያ የሰጠው ለሦስት ወር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለሌላ ይሸጣል። ዋጋውን በዕዳ መያዝ ቢፈቀድም፣ 5 በመቶው ቀረጥና የውል ማጻፊያው ወጪ በእጅ የሚገኝ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። የቤተ ክርስቲያንን መሬት ገዝቶ ከመወገዝ ድህነትን የመረጠም ነበር። ስለዚህ ብዙውን የገዛው ገንዘብ ያለው ሰው ሆነ። ከዚህም የባሰ፣ ሕጉ በማኅበር ስም የሚያዝን መሬትም ስለሚነካ፣ ሁዋሬዝ ከተወለደባት መንደር የመሰሉ የነባር ሕዝቦች መንደሮች የወል መሬት ለመከፋፈልና ለመሸጥ ተጋለጠ። ይህ ቁስል በኋለኞቹ ዓመታት እየሰፋ ሄዶ፣ በ1910 አብዮት ሲፈነዳ የመንደሮቹ ጥያቄ መሬታችን ይመለስ የሚል ሆነ።

ታዲያ ለውጡ ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። ድኻ ሬሳውን ለማስቀበር ገንዘብ እንዳይጠየቅ መደንገጉና ካህንም ገበሬም በአንድ ዳኛ ፊት እኩል መቆማቸው ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የክፍያው ሕግ ከድኻው የሚፈልገው ምንም አልነበረም፤ የመሬቱ ሕግ ግን የሌለውን ገንዘብ ፈለገ። አንባቢ ሆይ፤ ነገ አንተም ደንብ የምታረቅ ወይም የምታስፈጽም ነህና፣ ብዕርህን ከማንሣትህ በፊት ይህችን ጠይቅ፦ ይህ መብት በሚታወጅበት ቀን፣ ሊጠቀምበት የሚገባው ሰው በኪሱ ምን አለ?