የሚሰረዘው ጽሑፍና የመራጩ ውሳኔ

ፌስቡክ ሰኔ 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን ተጠቃሚዎችን ዒላማ ያደረገ የሐሰተኛ አካውንቶች መረብ ማስወገዱን አስታወቀ። ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። የተወገዱት 65 የፌስቡክ አካውንቶች፣ 52 ገጾች፣ 27 ግሩፖችና 32 የኢንስታግራም አካውንቶች ሲሆኑ፣ ኩባንያው መረቡን ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ጋር ግንኙነት ካላቸው ግለሰቦች ጋር አያይዞታል። ገጾቹ ገዥውን ፓርቲ ያወድሱ፣ ተቃዋሚዎችን ይነቅፉ ነበር። እርምጃው ተገቢ ቢሆንም የተወሰደው ቅስቀሳው ሊያበቃ ሲል ነው። ገጽ ሲዘጋ፣ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያለ መራጭ ሲያነበው የሰነበተው ሐሳብ አብሮ አይዘጋም።

ለዚህ መዘግየት አዘውትሮ የሚቀርበው መፍትሔ ፍጥነት ነው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘቱን እንዲያስወግዱ ይጠይቃል። ጠቋሚው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ከሰዓቱ ይልቅ ይከብዳል። በምርጫ ወቅት አስፈጻሚው አካል ራሱ የተወዳዳሪ ፓርቲ መንግሥት ነው። ጥቆማው በዋናነት ከእርሱ የሚመጣ ከሆነ፣ ፍጥነቱ መራጩን ከመጠበቅ ይልቅ ተፎካካሪን ዝም ለማሰኘት ሊውል ይችላል።

ሌላው የተለመደ ማብራሪያ የቋንቋ ችግር ነው፤ ገምጋሚዎቹ ቋንቋችንን አያውቁም ይባላል። ለብዙዎቹ የአገሪቱ ቋንቋዎች ይህ እውነት ነው። ሆኖም በሐምሌ 2013 ዓ.ም.፣ ከምርጫው ከአንድ ወር በኋላ፣ የትግራይ ኃይሎች በራያ ቆቦ ግድያ፣ ዘረፋና አስገድዶ መድፈር እንደፈጸሙ፣ የትግራይ ተወላጅ ሲቪሎችም እንደተባበሯቸው የሚገልጽ ጽሑፍ የተለጠፈው በአማርኛ ነበር። አማርኛ የሚገመግም ባልደረባ አጠፋው፤ ይግባኝ ሲቀርብ ሁለተኛው አጸናው። ተቆጣጣሪ ቦርዱ ጉዳዩን ሲመርጠው ኩባንያው ሐሳቡን ለውጦ ነሐሴ 21 ቀን መለሰው። ቦርዱ በበኩሉ ታኅሣሥ 5 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ያልተረጋገጠ ወሬ መሆኑን ጠቅሶ፣ የመጀመሪያው ስረዛ ትክክል ነበር ሲል ወሰነ። አንድ ጽሑፍ ጠፋ፣ ተመለሰ፣ እንደገና እንዲጠፋ ተፈረደበት፤ ይህ ሁሉ የሆነው ቋንቋውን የሚያነብ ሰው ጠፍቶ አይደለም።

የጎደለው ማጣራት ነው። በዚያው ክረምት ከራያ ቆቦና ከወልድያ የተፈናቀሉ ሰዎች በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር። የሆነውንና ያልሆነውን ሊመሰክሩ የሚችሉ ሰዎች ደሴ ተቀምጠው ሳለ፣ በጽሑፉ ላይ የሚወስኑት ኩባንያውና ቦርዱ ሩቅ ነበሩ።

የምርጫ ወሬም እንደዚሁ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ጣቢያ ተዘግቷል ወይም ኮሮጆ ተሰብሯል የሚል ጽሑፍ ቢሠራጭ፣ እውነቱን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያውቅ የሚችለው እዚያው ያለ የምርጫ አስፈጻሚ ነው። ስለዚህ በምርጫ ወቅት ለኩባንያዎቹ የሚላከው ጥቆማ ከአስፈጻሚው አካል ወጥቶ በምርጫ ቦርድ በኩል፣ በየአካባቢው ጽሕፈት ቤት ተጣርቶ ቢያልፍ ይሻላል። የቦርዱ አባላት በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በተወካዮች ምክር ቤት የሚሾሙ በመሆናቸው ይህም ከጥርጣሬ ነፃ አይሆንም። መፍትሔው ጥቆማውን አደባባይ ማውጣት ነው፦ ምን ይሰረዝ ተባለ፣ ማን ጠየቀ፣ በምን ማስረጃ፣ ኩባንያውስ ምን መለሰ የሚለው፣ የድምፅ ውጤት በየምርጫ ጣቢያው በር ላይ እንደሚለጠፍ ሁሉ፣ በዕለቱ ይለጠፍ።