45 ቀን የሚጠብቀው ነጋዴ

ወገን፣ ዛሬ ስለ ቪዛ እናውራ። ሄዶ ስለሚቀረው ሰው አይደለም። ዕቃ አይቶ፣ ተዋውሎ፣ ገዝቶ ወይም ሸጦ በሳምንቱ ቤቱ ስለሚገባው ነጋዴ ነው። የዚህ ሰው ጉዳይ ፖለቲካ ስለማይመስል ማንም አይጮህለትም። እሱም አይጮህም፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ተሰልፎ ወረቀቱን ያባዛል።

ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ህብረት ምክር ቤት እኛን የሚመለከት ውሳኔ አሳለፈ። የሸንገን ቪዛ መልስ የሚሰጥበት መደበኛ ጊዜ ለኢትዮጵያውያን ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ አለ። በአንድ ቪዛ ደጋግሞ መግባት የሚያስችለው መልቲፕል ቪዛ ቆመ። ኤምባሲው ለሚያውቀው ደንበኛ "ይቺ ወረቀት ትቅርልህ" ይል የነበረበት ቀዳዳም ተዘጋ። የዲፕሎማትና የሰርቪስ ፓስፖርት የያዙ ባለሥልጣናት ሳይቀሩ ከክፍያ ነፃ ይደረጉበት የነበረው አሠራር ታገደ።

ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል? ነጋዴው አጥፍቶ አይደለም። ህብረቱ የሰጠው ምክንያት የኢትዮጵያ መንግሥት አውሮፓ ውስጥ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን መልሶ በመቀበል በበቂ አልተባበረም የሚል ነው። በ2010 ዓ.ም. ሁለቱ ወገኖች ስለ መመለሻው አሠራር ተስማምተው ነበር፤ አፈጻጸሙ ላይ ተኳረፉ። መንግሥት ከመንግሥት ተኳርፎ ዱላው ያረፈው ግን ቡና ናሙና በሻንጣ ይዞ ገዢ ሊያናግር በሚሄደው ሰው ጀርባ ላይ ነው። ዜጋን በዜግነቱ ብቻ በጅምላ መቅጣት ማለት ይሄ ነው። እዚህ ላይ ለአውሮፓም ጥብቅና መቆም አያስፈልግም፣ ለራሳችን ቢሮክራሲም እንደዚያው።

አሁን ወደ ሰፈር እንውረድ። መካኒሳ አቦ አካባቢ ሁለት የስፌት መኪና ተክላ የቆዳ ቦርሳ የምትሠራ እህት አለች እንበል። ሚላን ውስጥ በዓመት ሁለት ጊዜ ሚፔል የሚባል የቦርሳ ንግድ ትርዒት አለ፤ አንዱ መስከረም አካባቢ ይውላል። እዚያ መገኘት ከፈለገች የ45 ቀኑን ሂሳብ ወደ ኋላ ስትቆጥር ሐምሌ ላይ ትደርሳለች። የቀጠሮው ወረፋ ሲጨመርበት ደግሞ ሰኔ። በሰኔ ግን ጋባዡ ድርጅት ደብዳቤ አልላከም፣ ሆቴሉ ዋጋ አላወጣም፣ የአዘቦቱ ደንበኛ ዕዳውን አልከፈላትም። በዚያ ላይ ፓስፖርቷ ብዙ ጊዜ ኤምባሲ ስለሚቀመጥ እስኪመለስላት ዱባይም ብቅ ማለት አትችልም። የገበያ ሰው ያውቀዋል፤ ለነጋዴ ሁለት ወር እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ።

ቪዛው ቢመጣስ? አንዴ የሚያስገባ ነው። ገዢው "ናሙናውን ወድጄዋለሁ፣ በጥቅምት ተመልሰሽ ውሉን እንፈራረም" ካላት ከዜሮ ትጀምራለች። አዲስ ፎርም፣ አዲስ ኢንሹራንስ፣ አዲስ ክፍያ፣ አዲስ 45 ቀን። ጥቅምት እኮ አለፈ!

ክፍያውንም እናንሳ። ውሳኔው በወጣ በሁለተኛው ወር፣ ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የሸንገን ክፍያ ከ80 ወደ 90 ዩሮ ጨመረ። ብዙ ሳይቆይ ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ያኔውኑ በነሐሴ መደበኛ ፓስፖርት ማውጫው ከ2,000 ወደ 5,000 ብር ገባ። ከዚህ ሁሉ የሚያመው ግን የባንክ ስቴትመንቱ ነው። ነጋዴው አንድም ብር ሳይከስር፣ ያው የሚያገላብጠው ገንዘብ በዩሮ ሲሰላ ግማሽ ሆኖ ታየ። ኤምባሲ የተቀመጠው ሰው የሚያየው በዩሮ ነው። ቪዛው ከተከለከለ ደግሞ ክፍያው አይመለስም።

አሜሪካም አልተሻለም። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው ጊዜያዊ ቪዛ፣ የንግዱን ጨምሮ፣ ሦስት ወር ብቻ የሚያገለግልና አንዴ የሚያስገባ እንዲሆን ተወሰነ። ናይጄሪያና ጋናም አብረውን ነበሩ። ለቃለ መጠይቁ የሚከፈለው 185 ዶላር ግን አልቀነሰም። ለዚህ ነው ወጣቱ ነጋዴ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረው። ጓንግዡ የሚደረገው የካንቶን ትርዒት እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ያለ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያና ጥቅምት ላይ ይከፈታል። ቻይና ለንግድ የምትሰጠው ኤም የሚባለው ቪዛ ከንግድ ሸሪክ ወይም ከትርዒቱ የተላከ የግብዣ ወረቀት ይጠይቃል። በጉብኝት ቪዛ ገብቼ ልነግድ የሚል ሰው ግን እዚያም ቢሆን ራሱን ለቅጣት ያጋልጣል።

እዚህ ጋ ለእኛም የሚደርሰን ድርሻ አለ። ደላላው! ሐሰተኛ የግብዣ ደብዳቤ፣ ለሁለት ቀን ተበድሮ የተሞላ የባንክ ሂሳብ፣ በሌለ ድርጅት ስም የታተመ ንግድ ፈቃድ የሚሸጠው ሰውዬ። "እኔ ጋ ሁሉ ነገር ያልቃል" ይላችኋል። እውነት ነው፣ ያልቃል፤ የእናንተ ስም ነው የሚያልቀው። አንድ የሸንገን ኤምባሲ የመዘገበውን ማመልከቻ ሌሎቹ ሁሉ በጋራ መዝገብ ያዩታል፤ መረጃው እስከ አምስት ዓመት ይቆያል። ጀርመን የተያዘች የውሸት ወረቀት ጣሊያን ላይ ትጠብቃችኋለች። ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ድንበር ላይ በማኅተም ፈንታ አሻራና ፎቶ መመዝገብ ተጀምሯል፤ ከተፈቀደ ቀን በላይ የቆየን ሰው ኮምፒውተሩ ራሱ ይቆጥራል። አንድ ሰው በሐሰት ወረቀት ሄዶ ሲቀር ከኋላው ላለው እውነተኛ ነጋዴ "የመመለስ ፍላጎቱ ያጠራጥራል" የሚለውን ምልክት ጥሎለት ይሄዳል።

ስለዚህ ሕጉን ዕወቁት፤ ለደላላ ከምትከፍሉት ይረክሳል። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይፈቀዳል፤ 45 ቀኑን የሚያሸንፈው ይሄ ብቻ ነው። የምታመለክቱት ዋናው ጉዳያችሁ ባለበት አገር ኤምባሲ ነው፣ ቀጠሮ ቶሎ በተገኘበት አይደለም። ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን። የግብዣ ደብዳቤው ማን፣ ለምን ሥራ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደጠራችሁና ወጪውን ማን እንደሚችል ይናገር። የንግድ ቪዛ የሥራ ፈቃድ አይደለም፤ ትደራደራላችሁ፣ ትፈራረማላችሁ፣ እዚያ ተቀጥራችሁ ደመወዝ አትበሉም። ከተከለከላችሁ ደግሞ ምክንያቱ በጽሑፍ ሊሰጣችሁ ግድ ነው፣ ይግባኝ የማለት መብትም አላችሁ። አብዛኛው ሰው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ይከትና ያዝናል፤ ይግባኙ የት እንደሚቀርብ እኮ ከክልከላው ጋር ተጽፎ ነው የሚሰጠው።

ከመካኒሳ ታክሲ ይዛችሁ በሳር ቤት ወደ ሜክሲኮ ስታልፉ የአፍሪካ ህብረት ሕንፃ ይታያችኋል። በጥር 2010 ዓ.ም. አፍሪካውያን በአህጉራቸው በነፃነት እንዲንቀሳቀሱ የሚለው ፕሮቶኮል የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ሥራ ላይ እንዲውል 15 አገሮች ማጽደቅ ነበረባቸው፤ ያጸደቁት በጣት ይቆጠራሉ፣ አገራችንም ከእነሱ ውስጥ የለችም። በእርግጥ ኢትዮጵያ ከጥቅምት 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለአፍሪካውያን ሁሉ ሲደርሱ ቪዛ እሰጣለሁ ብላ በሯን ከፍታ ነበር፤ የሚያኮራ ነው። ግን በር የከፈተ ሰው "የኔስ ልጅ እናንተ ጋ እንዴት ይገባል?" ብሎ መጠየቅ አለበት። ኬንያ ለአጭር ጊዜ ያለ ቪዛ የምንገባው መሪዎች ድሮ ተቀምጠው ስለተስማሙ ነው፣ በራሱ የመጣ አይደለም። ደርግ እኮ ዜጋውን ከገዛ አገሩ ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ያስጠይቅ ነበር። ያ ቀርቷል። ሰው የሠራው ደንብ በሰው ይነሳል።

ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የምንጠይቀው የተቆጠረ ነገር ነው። ከአውሮፓ ህብረት ጋር በመመለሻው ጉዳይ ድርድሩ ምን ላይ እንደደረሰ ለሕዝብ ይነገር። ግብር የሚከፍል፣ ላኪነት ፈቃድ ያለው፣ ሄዶ መመለሱን በፓስፖርቱ ያስመሰከረ ነጋዴ ከእግዱ ተለይቶ እንዲታይ በድርድሩ ላይ ይቅረብ። ንግድ ምክር ቤቱም ለአባሉ የድጋፍ ደብዳቤ ከመጻፍ አልፎ ስንት አባሎቹ በዚህ ሰበብ ስንት ውል እንዳጡ ቆጥሮ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥ። ቁጥር የሌለው እሮሮ የትም ኤምባሲ ደጅ አያልፍም።

ቁጥሩን እኛም ከታች መጀመር እንችላለን። ለንግድ ጉዞ ያመለከታችሁ፣ የየትኛው አገር ቪዛ እንደነበር፣ ስንት ቀን እንደፈጀ፣ የተጻፈላችሁ የክልከላ ምክንያትና በዚያ ያመለጣችሁ ሥራ ምን እንደነበር በውስጥ መስመር ላኩልን። ስማችሁን፣ የፓስፖርት ቁጥራችሁንና ባርኮዱን ሸፍኑት።