ግንዛቤ ብቻውን እግር አያጥብም

«መገለል የግንዛቤ እጥረት ውጤት ነው።» ፍኖተ ሰላምም ይሁን ቡሬ፣ ስለ ዝሆኔ ሲወራ ከመድረክ የሚነገረው ይኸው ነው። የሚከተለው መፍትሔም የታወቀ ነው፤ ሌላ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ። ይህን አባባል መስማት ታክቶኛል። ፍጹም ሐሰት ስለሆነ አይደለም። ግማሽ እውነት ሆኖ ሳለ የሥራው ሁሉ መነሻና መድረሻ ስለተደረገ ነው።

እስቲ አባባሉን በራሱ ሚዛን እንየው። መገለል ካለማወቅ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ያወቀ ሰው አያገልም ማለት ነው። ታዲያ ከጤና ባለሙያ በላይ ማን ሊያውቅ ነው? በደቡብ ኢትዮጵያ በጤና ባለሙያዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ ከተጠየቁት መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዝሆኔ የሚባለው ይህ የእግር እብጠት ይተላለፋል ብለው እንደሚያምኑ፣ ሲያክሙም እንዳይዛቸው እንደሚፈሩ አሳይቷል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሽታው ከጀርም ሳይሆን በባዶ እግር ቆዳ ሰርጎ ከሚገባ የቀይ አፈር ብናኝ እንደሚመጣ እዚሁ አገራችን ላይ ሠርቶ ካሳየ አሥርተ ዓመታት አልፈው ነበር።

«እነርሱም በቂ ሥልጠና አላገኙም» የሚል መልስ ይሰጠኝ ይሆናል። ይሁን፣ ሥልጠና ጎድሏቸዋል። ጥያቄው ግን በዚህ አይዘጋም። የማናውቀውን በሽታ ሁሉ እኩል አንፈራም። ስለ ደም ግፊት አንዳች የማያውቅ ገበሬ የደም ግፊት ካለበት ጎረቤቱ ጋር ከአንድ መሶብ ይበላል። ያበጠና የቆሰለ፣ ሽታ ያለው እግር ሲያይ ግን ሳያስበው ፈቀቅ ይላል። አለማወቁ በሁለቱም ላይ እኩል ነው፤ የሚሸሸው ግን ከአንዱ ብቻ ነው። እንግዲህ የሚያሸሸው አለማወቅ ብቻ አይደለም።

ሰንበቴ ቤት የገባ ሰው ደግሞ ከዚህ የባሰውን ያያል። ሕመምተኛው ጣሳውን ከቤቱ ይዞ ይመጣል፣ በበሩ በኩል ይቀመጣል፣ ጠላው ለብቻው ይቀዳለታል። እንዲህ አድርግ ብሎ ያዘዘው የለም። ጎረቤቶቹን ብትጠይቋቸው «እንደማይተላለፍማ ነግረውናል፣ እናውቃለን» ይሏችኋል። ጣሳው ግን እንደተለየ ነው። ግንዛቤው ደርሷል፤ የደረሰው ግን እስከ አፍ ድረስ ነው።

የሰውን ጠባይ ከዝግመተ ለውጥ አንጻር የሚያጠኑ ሰዎች ለዚህ የተሻለ መልስ አላቸው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርክ ሻለር እንደሚለው፣ ሰው ከደሙ መከላከያ ቀድሞ የሚሠራ ሌላ መከላከያ አለው፤ እርሱም መጸየፍ ነው። ጀርም የሚባል ነገር ከመታወቁ በፊት በነበሩት እልፍ ትውልዶች ከቁስል፣ ከመግልና ከሽታ የራቀ ሰው በሕይወት የመቆየት ዕድሉ ሰፊ ነበር። የአእምሮ ሐኪሙ ራንዶልፍ ነሲ ደግሞ ጥንቃቄው ለምን ከልክ እንደሚያልፍ አስረድቷል። በከንቱ መሸሽ የሚያስከፍለው ጥቂት ነው፤ መሸሽ ሲገባ አለመሸሽ ግን ሕይወት ያስከፍላል። የግቢ ውሻ ባላፊ አግዳሚው ሁሉ ላይ የሚጮኸው በዚሁ ስሌት ነው። ውሻውንም መክሮ ዝም ያሰኘው የለም። ዝም የሚለው ባለቤቱ እንግዳውን እጁን ይዞ ሲያስገባው፣ እርሱም ቀርቦ ሲያሸተው ነው።

ነገሩ እንዲህ ከሆነ መጸየፍ የሚረታው በዓይንና በአፍንጫ በኩል ነው። ገንዘቡም መሄድ ያለበት ወደዚያው ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበት የሕክምና ሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ሕክምናው ከገበሬ ቤት አቅም የራቀ አይደለም፤ እግርን በውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ቆዳውን በቅባት ማለስለስ፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። ይህን ወዲያው የጀመሩት እግራቸው ተነሥቶባቸው በትኩሳት የሚወድቁት በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲሆን፣ ተራ ይጠብቁ የነበሩት ግን 23.9 ጊዜ ነበር። ልዩነቱ ለገበሬ የአረምና የአጨዳ ቀን ነው። ከዚህም ሌላ የታጠበ እግር ሽታው ይጠፋል፣ ቁስሉ ይደርቃል።

እኔ የምጨምረው አለኝ። በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምዕመናንን እግር ያጥባሉ። ሰከላ ውስጥ፣ ግሽ ዓባይ ላይ ደግሞ ለጠበል የሚመጣው ሕመምተኛ ብዙ ነው። የዝሆኔ ታማሚ እግር በሕዝብ ፊት በካህን እጅ ሲታጠብ ቢታይ ከአሥር ስብሰባ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ የእግር ብቻ አይደለም። በሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር በተደረገ ንጽጽር የድብርት ምልክት የታየው በታማሚዎቹ 12.6 በመቶ፣ በጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ግን 0.7 በመቶ ላይ ብቻ ነበር። ድብርት ሰው ችግሩን ተረጋግቶ እንዲያወጣና እንዲያወርድ የሚረዳ የተፈጥሮ ስጦታ ነው ብለው የጻፉ ተመራማሪዎች አሉ። ይህን አልቀበልም። በእግሯ ምክንያት የልጇ ጋብቻ የፈረሰባት እናት ከቤት ሳትወጣ የምትከርመው መፍትሔ እያሰላሰለች አይደለም። ይልቅ የሚያሳምነኝ ሌላው ሐሳብ ነው። ለጥንት ሰው ከማኅበሩ መለየት ከሞት አይተናነስም ነበር፤ ስለዚህ መገለል እስከ አጥንት ያማል። የጠናበት ሰው ሐኪምና መድኃኒት ያስፈልገዋል። ጣሳው ተለይቶ ሳለ ግን መድኃኒቱ ብቻውን ምን ያህል ሊያግዘው ይችላል?

«ተፈጥሮ ከሆነማ ምን ይደረጋል» የሚል እንዳይነሣ እሰጋለሁ። በነሲ ስሌት ውስጥ የተቆጠረው የሸሺው ኪሳራ ነው፤ የተሸሸው ሰው የከፈለው እዚያ ሒሳብ ውስጥ የለም። ማንን እንደምንሸሽ ደግሞ ተፈጥሮ ብቻውን አይወስንም። ሸክላ ሠሪዋ ቁስልም ሽታም የለባትም፤ ጎጃም ግን «ቡዳ» እያለ ለስንት ትውልድ አገለላት። ዐፄ ምኒልክ ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ተሰማ፣ ስድቡ ግን አልጠፋም።

አንድ ነገር ለራሴም አልተፈታልኝም፤ እርሱም ጋብቻ ነው። የዝሆኔ ቤተሰብ ልጅ አልድርም የሚለው ሰው የሚፈራው ሽታውን ሳይሆን ዘሩን ነው። ሳይንሱም ጨርሶ ተሳስተሃል አይለውም። በወላይታ የተደረጉ ጥናቶች የታማሚ ወንድም ወይም እህት ተጋላጭነቱ ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል እንደሆነ፣ ከመካከላቸው እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ደግሞ በሽታው የዘረመል ግንኙነት እንዳለው አሳይተዋል። ያለ አፈሩ ግን ዘሩ ብቻውን አያሳምምም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እግሩ ከቀይ አፈር የተጠበቀ ልጅ የሚፈራበት ምክንያት የለም። ታዲያ ይህን እውነት ለመንደሩ እንዴት እንንገር? ዘር የለበትም ብንል ዋሸን። ሙሉውን ብንናገር፣ ከንግግራችን «ዘር» የሚለው ብቻ ተለቅሞ ለአገላዩ ማስረጃ እንዳይሆነው እፈራለሁ። ሳሙናና ጫማ እዚህ ላይ አይደርሱም። እውቀት የግድ የሚያስፈልገው እዚህ ይመስለኛል፤ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ ሊጎዳ የሚችለውም እዚሁ ነው። ልጇን ልትድር የተዘጋጀች እናት ብትጠይቀኝ የቱን አስቀድሜ እንደምነግራት እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም።