መቋጠር መሰለብ አይደለም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ቃል፥ ለገላ ሕመም ብቻ ሳይሆን በቤት ውስጥ ተሸሽጎ ለሚኖር ሥጋትም የሚስማማ ነው። በዚህ ወር የምናነሣው ነገር ባልና ሚስት በሹክሹክታ እንኳ ለመነጋገር የሚያፍሩበት ስለ ሆነ፥ አስቀድሜ ይቅርታችሁን እለምናለሁ። ዳሩ ግን ዕፍረት ቤትን ከጉዳት የማያድን ከሆነ፥ በጨዋ አነጋገር ገልጦ መናገሩ ይሻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ በላስታ ደጋ የሚኖር አንድ ገበሬ ወዳጄ፥ የቅዳሜ ገበያ ውሎ ሲመለስ ወደ ቤቴ ጎራ አለ። የስድስት ልጆች አባት ነው። ሚስቱ ስድስተኛውን ስትወልድ ብዙ ደም ፈሰሳት፤ የመንደሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ገደሉን አውርደው ከመኪና መንገድ ባያደርሷት ኖሮ፥ ሕፃኑ ያለ እናት በቀረ ነበር። ሐኪሙም ሌላ እርግዝና ለሕይወቷ እንደሚያሰጋ ካስጠነቀቀ በኋላ፥ ሊመርጧቸው ከሚችሉት መንገዶች አንዱ በባልየው ላይ የሚደረግ ትንሽ ቀዶ ጥገና መሆኑን ነግሯቸዋል። ወዳጄ ቡናው እስኪፈላ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፥ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ፥ «የኔታ፥ ሊሰልቡኝ ነውን?» አለኝ።

ይህ ጥያቄ የእርሱ ብቻ አይደለም። በጥንት ዘመን በጦር ሜዳ ሰለባ ይወሰድ ስለ ነበር፥ «ስልብ» የሚለው ስም ከሞት የከፋ ውርደት ሆኖ በአገራችን ሰው ልብ ውስጥ ኖሯል። ስለዚህ ወዳጄን አልሳቅሁበትም። የተማርሁትንና ከሐኪሞች ጠይቄ የተረዳሁትን ግን በሚገባው ቋንቋ ነገርሁት።

«ወንድሜ፥ ወይፈን ሲኮላሽ አይተሃል» አልሁት። «ሥሩ በሙሉ ይቀጠቀጣል፤ ደም የሚወስዱት ሥሮች ሲጠፉ ቆለጡ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ ወይፈኑ ጠባዩ ይለወጣል፥ ይሰባል፥ ለቀንበር ይገራል። ሐኪሞች ቫሴክቶሚ የሚሉት ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ከየቆለጡ ዘርን ይዞ የሚወጣ ቀጭን ቧንቧ አለ። ሐኪሙ ቦታውን በመርፌ ካደነዘዘ በኋላ፥ በጥቂት ክፍተት ገብቶ እነዚህን ሁለት ቧንቧዎች ብቻ ቆርጦ ይቋጥራቸዋል። ቆለጡ አይነካም፤ ደም የሚያመላልሱት ሥሮችም በቦታቸው ይቀራሉ።» ሥራው ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ ሲሆን፥ ሰውየው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንዲያውም ሊ ሹንቺያንግ የተባለው ቻይናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ዘዴ፥ ቆዳውን በምላጭ መሰንጠቅ እንኳ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ስሕተት «ጉልበቴ ይደክማል፥ ጢሜ ይረግፋል፥ ከሚስቴም ጋር ባል ሆኜ መኖር አልችልም» የሚለው ነው። ለወንድ ድምፁን፥ ጢሙን፥ ጉልበቱንና ፍላጎቱን የሚሰጠው ቅመም ከቆለጥ የሚወጣው በቧንቧው ሳይሆን በቀጥታ ወደ ደም እየገባ ነው። የቦዩ መዘጋት ይህን ምንጭ አያደርቀውም። በሩካቤ ጊዜ ከሚወጣው ፈሳሽም ቢሆን ዘሩ ራሱ ከመቶ አምስት እጅ ገደማ ብቻ ስለ ሆነ፥ ሰውየው ልዩነቱን አያስተውለውም። «መውጫ ያጣው ዘር ተጠራቅሞ ያሳብጣል» የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን ያልወጣውን ዘር ሰውነት ራሱ መልሶ ያዋሕደዋል። እርግጥ ነው፥ እንደ ማናቸውም ቀዶ ጥገና ለጥቂት ቀን ሕመምና እብጠት አለው፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ቁስሉ ሊያመረቅዝ፥ በጥቂቶችም ላይ ሕመሙ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ያህል ሞፈርና ቀንበር መሸከምን፥ ከባድ ሥራንም መተው ይገባል።

ሦስተኛው ስሕተት ግን ትዳርን የሚያፈርስ ስለ ሆነ፥ አንባቢዎቼ ልብ ብለው እንዲያነቡት አደራ እላለሁ። ብዙ ሰው ቧንቧው በተቋጠረበት ቀን ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ከቋጠሮው በላይ የቀረው ዘር ግን ተጠርጎ እስኪወጣ ድረስ ሦስት ወር ያህል ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ባልና ሚስቱ ሌላ መከላከያ መጠቀም አለባቸው፤ ከሦስት ወር በኋላም ፈሳሹ በላቦራቶሪ ተመርምሮ ዘር እንደሌለበት መረጋገጥ ይኖርበታል። ይህን ያላወቀ ባል፥ ሚስቱ በሁለተኛው ወር ብታረግዝ ምን ይላል? ያለ ጥፋቷ አመንዝራ ትባላለች፤ ልጁም ከመወለዱ በፊት ስሙ ይጠፋል፤ ቤቱም ይፈርሳል። ከምርመራው በኋላም ቢሆን ከሺህ ጥንዶች በአንድ ወይም በሁለቱ ላይ ቧንቧው ተመልሶ ሊገናኝ እንደሚችል ሐኪሞች ይናገራሉ። ስለዚህ በሚስቱ ላይ ከመፍረዱ በፊት ራሱ ተመልሶ ይመርመር።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ፥ «ልጆቼ ቢሞቱብኝስ?» ሲል ጠየቀ። ይህ የድንቁርና ጥያቄ አይደለም። ወሎ የ1966ቱንና የ1977ቱን ረኃብ ያየ አገር ነው፤ ጦርነትም በ2013 ዓ.ም. እስከ ላሊበላ ደርሷል። እንግዲህ እውነቱን መሸሸግ አይገባም፤ ቋጠሮውን መልሶ የሚፈታ ቀዶ ጥገና ቢኖርም፥ ዋጋው ውድ ነው፥ መሳካቱም የተረጋገጠ አይደለም። ስለዚህ ሊቋጠር የሚገባው «ከእንግዲህ ልጅ አልሻም» ብሎ በሙሉ ልቡ የቆረጠ ሰው ብቻ ነው። ልቡ የሚያመነታ ሰው ሦስት ወር የሚያገለግለው መርፌ፥ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው ወይም በማሕፀን የሚገባው ሉፕ አለለት፤ እነዚህ ሲተዉ መውለድ ይመለሳል። እንዲሁም ይህ ቀዶ ጥገና ከኤች አይ ቪም ሆነ ከአባላዘር በሽታ እንደማይከላከል መታወቅ አለበት።

ዳሩ ግን የእነዚህ መንገዶች ሁሉ ሸክም በሚስት ትከሻ ላይ ማረፉን አስተውሉ። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ከመቶ ባለትዳር ሴቶች 36ቱ በአንድ ዐይነት መከላከያ ሲጠቀሙ፥ ከእነርሱ 23ቱ መርፌ የሚወጉ ነበሩ። ባሎቻቸው የተቋጠሩላቸው ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ያው ጥናት ከ100,000 ወሊድ 412 እናቶች ይሞቱ እንደ ነበር ገምቷል። የሴት ቧንቧ ለመቋጠር ሆድ መከፈት ሲኖርበት፥ የወንዱ ከዚህ እጅግ የቀለለ ነው። በካናዳና በእንግሊዝ በሴት ከሚደረገው ይልቅ በወንድ የሚደረገው የሚበዛውም ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ቀላል ነው ተብሎ ማንም ሊገደድበት አይገባም። በህንድ አገር እ.ኤ.አ. በ1976 በአንድ ዓመት ከስድስት ሚሊዮን በላይ ወንዶች ሲቋጠሩ፥ ብዙዎቹ በማስፈራራትና በግዴታ ስለ ነበር፥ ሕዝቡ ነገሩን ለረጅም ዘመን ጠላው። ፈቃድ የሌለበት ሕክምና በደል ነው።

ስለ ሃይማኖቱም ጠይቆኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች የመጀመሪያ ቀኖናቸው ያደረጉት፥ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ራሱን የሰለበ ሰው በክህነት እንዳያገለግል ነው፤ በሕመም ምክንያት ሐኪም የሰለበውን ግን አልከለከሉም። ይህ ቀኖና የሚናገረው ስለ መሰለብ ነው። እንዲህ ስል ግን መቋጠር የተፈቀደ ነው ብዬ ልፈርድ አይደለም፤ የእኔ ሥራ ሁለቱ ነገሮች እንዳይምታቱ መለየት ነው። የቀረው ባልና ሚስት አብረው ሄደው ለንስሐ አባታቸው የሚገልጡት የኅሊና ጉዳይ ነው። ሲገልጡም ከጠላ ቤት የሰሙትን ወሬ ሳይሆን እውነተኛውን ነገርና የእናቲቱን አደጋ ያስረዱ።

ወዳጄ እንዲሁ አደረገ። ከሚስቱ ጋር ብዙ ሌሊት ተመካክሮ፥ የንስሐ አባቱንም አነጋግሮ፥ በራሱ ፈቃድ ወደ ሆስፒታል ሄደ። ሦስቱንም ወር ታግሦ ተመረመረ። በጠላ ቤት የሚያሾፍበት አልጠፋም፤ እርሱ ግን በዚህ ዓመት ገብሱን በገዛ እጁ አጭዶ፥ ነዶውን በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ከመረ። ትንሹ ልጁም ዛሬ የእናቱን ቀሚስ ይዞ ቁሞ ይሄዳል።

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።