ዝግባን ኮሶ ማስመሰል

በአርሲ ደጋ የመጻሕፍት መደርደሪያ በገዛ እጁ ለመሥራት የተነሣ ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት እንጨት ማግኘቱ እጅግ ያጠራጥራል። ከፈረሰ ቤት የተረፈ የኮሶ ጣውላ፣ ከአሮጌ በር የተነቀለ የዝግባ ሳንቃ፣ ጎደሎውን ለመሙላት ከገበያ የተገዛ የፈረንጅ ጥድ በአንድ ዕቃ ላይ ይገናኛሉ። የእኔም መደርደሪያ እንዲሁ የተሰባሰበ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዝግባን፣ ዋንዛንና የሐበሻ ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን ቆርጦ መጠቀምን ሲከለክል ዛፎቹ ተመናምነው ነበር። ከጭላሎ ግርጌ ለኖረ ሰው ይህን አዋጅ አያስረዳውም፤ ዐይኑ አይቶታል። በሙነሳም ቢሆን ከተፈጥሮው ደን አጠገብ በሰው እጅ የተተከለው የፈረንጅ ጥድና ባሕር ዛፍ ሰፊ ቦታ ይዟል።

እንግዲህ ሦስቱን መልክ ምን እናድርገው? የተለመደው መልስ በሁሉም ላይ ጥቁር ቡናማ ቀለም አልብሶ፣ በላዩ ቫርኒሽ ደርቦ መገላገል ነው። ይህን መልስ እቃወማለሁ።

የእንጨት ቀለም ያጠቁራል እንጂ አያነጣም። ስለዚህ ሦስቱን ማመሳሰል ማለት ሁሉንም ወደ ጥቁሩ መጎተት ማለት ነው። ያም ሆኖ አይመሳሰሉም። ያው ቀለም በገረጣው ዝግባ ላይ ሌላ፣ በቀላው ኮሶ ላይ ሌላ ሆኖ ይወጣል፤ ዐይን የሚያየው የቀለሙንና የእንጨቱን ድምር ነውና። የፈረንጅ ጥድማ ለስላሳው ክፍሉ አብዝቶ፣ ጠንካራው ጥቂት ስለሚጠጣ ዥጉርጉር ይሆናል። የጣውላው የተቆረጠ ጫፍም ከገጹ ይልቅ ይጠቁራል። ሁሉን የሚያመሳስለው እንጨቱን ፈጽሞ የሚሸፍነው ወፍራሙ ቀለም ብቻ ነው። እንዲያ ከሆነ በኮምፔንሳቶ ብንሠራው ምን ይጎድልብን ነበር?

ማመሳሰል ጭራሽ አያስፈልግም አልልም፤ የሚገባው ግን ለማሟያው ነው። ኮሶው እንዳለ ይቀመጥና አዲሱ የፈረንጅ ጥድ ወደ እርሱ ይቅረብ። የኮሶው ገጽ በውኃ ቢርስ፣ ቫርኒሽ ሲቀባ የሚይዘውን መልክ በግምት ያሳያል፤ ዒላማው ያ እንጂ ደረቁ መልክ አይደለም። ከዚያ ጥዱን በቀጠነ ቫርኒሽ አንድ ጊዜ ቀብቶ ማድረቅ የሚጠጣውን ቀለም ይመጥንለታል። ቀለሙ በስሱ፣ ደጋግሞ፣ በመጀመሪያም በቁራጩ ላይ ይሞከር። ፍርዱ በአምፖል ሳይሆን በቀን ብርሃን ይሁን። ቀኑን ሙሉ ፊርማ ከፊርማ ሳስተያይ የምውል የባንክ ሠራተኛ ነኝና፣ መቀራረብና አንድ መሆን ምን ያህል እንደሚለያዩ ዐውቃለሁ።

ዝግባው ግን ዝግባ ሆኖ ይቅር። የግጥም ወዳጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ቤት የሚመታው የስንኙ መድረሻ ፊደል ነው እንጂ ቃሉ ሁሉ አይደለም። በየስንኙ መጨረሻ አንዱኑ ቃል የደጋገመን ገጣሚ ቤት መታ አንለውም።

የሚያሳስበኝ የመልክ ነገር ብቻም አይደለም። ዛፉ ከአጠገባችን በራቀ ቁጥር ልጆቻችን ኮሶን የሚያውቁት፣ አበባው ለትል መድኃኒት ይጠጣ እንደነበር በሚነገር ወሬና በየቤቱ በቀረው ጣውላ ብቻ ይሆናል። ጣውላውንም ቀለም ከሸፈነው በምን ይለዩታል? በአገራችን ደግሞ እነዚህ ዛፎች አንድ ስም ብቻ ያላቸው አይደሉም። በመደርደሪያዬ ጀርባ፣ ምንም ባልተቀባው ገጽ ላይ፣ የየጣውላውን ስም በአማርኛም በኦሮምኛም በእርሳስ ጽፌዋለሁ፤ ኮሶ፣ ሄቶ፤ ዝግባ፣ ቢርቢርሳ። የፈረንጅ ጥዱንም አልረሳሁትም።