ሰው የሌለባት መርከብ

ጨዋታ የሰው ልጅ የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሕፃን ጭቃ ጠፍጥፎ ቤት ሲሠራ፣ እረኛ ጠጠሮችን እንደ ከብት ደርድሮ ሲነዳ፣ ወጣቶች በገና ሰሞን ሩር ሲለጉ፣ ሁሉም እየተደሰቱ ለኑሮ የሚሆናቸውን ችሎታ ይለማመዳሉ። ስለዚህ አንድ አዲስ ጨዋታ በመካከላችን በገባ ጊዜ «ጨዋታ ነውና ይቅር» ማለትም፣ «ጨዋታ ነውና ምን አለበት» ማለትም በቂ አይደለም። መጠየቅ የሚገባን «ይህ ጨዋታ ምን ያስተምራል? ምንስ ይሰውራል?» ብለን ነው።

የእጅ ስልክና ኮምፒዩተር ካመጧቸው ጨዋታዎች አንዱ የባሕር ላይ ውጊያ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ አንዲት የጦር መርከብ ወይም አንድ ሙሉ የመርከብ ጓድ ያዝዛል። የጠላትን አቅጣጫና ፍጥነት ይገምታል፤ መድፍ ያነጣጥራል፤ ቶርፔዶ ይለቅቃል፤ ከደሴት ጀርባ ያደፍጣል። ከእነዚህ መካከል በዓለም ላይ እጅግ የታወቀው ወርልድ ኦፍ ዋርሺፕስ የሚባለው ሲሆን፣ ለሕዝብ የቀረበውም እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በውስጡ ከሚገኙት መርከቦች ብዙዎቹ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች በእርግጥ የተዋጉ ናቸው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መርሳ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ አራት ተማሪዎች በአንድ ስልክ ላይ አቀርቅረው አገኘሁ። የድሮ መምህር ከተማሪ አጠገብ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትምና ቆም ብዬ ተመለከትሁ። ስልኩን የያዘው ልጅ በድንገት «ሰመጠች! ሰመጠች!» ብሎ ዘለለ፤ ጓደኞቹም አጨበጨቡለት። እኔም «በውስጧ ስንት ሰው ነበረ?» ስል ጠየቅሁት። ልጁ ጥያቄዬ ግራ አጋብቶት «ጋሼ፣ ሰው እኮ የለባትም፤ መርከብ ናት» አለኝ። ጥቂት ስንነጋገር ግን በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ከእናቱ ጋር ወደ ደሴ በእግራቸው ከተሰደዱት አንዱ እንደነበረ አጫወተኝ።

ያ መልስ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ልጁ ባሕር አይቶ አያውቅም፤ ያየው ትልቁ ውኃ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ያለው የሐይቅ ውኃ ነው። ጦርነትን ግን አይቷል። ጨዋታው የማያውቀውን ባሕር አሳየው፤ የሚያውቀውን ጦርነት ግን ሰወረበት። የእኔም አስተያየት ከዚህ ይነሣል፤ ጨዋታው አይከልከል፤ ነገር ግን የሚጫወተው ወጣት መርከቧ ሰው እንዳለባት እያሰበ ይጫወት።

አንዳንድ ወላጆች እንዲህ ያለው ጨዋታ ጊዜ ከመግደል በቀር አንዳች ጥቅም የለውም ይላሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ በዘዴ ላይ የተመሠረተ ጨዋታ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በገበጣ ተጫዋቹ ጠጠሩን ከማንሣቱ በፊት የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ይቈጥራል። በጥንቱ የሠንጠረዥ ጨዋታችንም «ወረራ» የሚባል የመክፈቻ ክፍል ነበረ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን ያሰልፉ ነበር። አባቶቻችን አርቆ ማሰብን ከተለማመዱባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነበረ። አርቆ ማሰብ በጠጠር ከተለመደ በስልክ የማይለመድበት ምክንያት የለም።

እንዲያውም የባሕር ውጊያ ጨዋታ የሰው ሕይወት ያዳነበት ጊዜ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ብሪታንያ ምግብና ነዳጅ የሚያመላልሱትን የጭነት መርከቦች ያሰምጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 መጀመሪያ ላይ ጊልበርት ሮበርትስ የተባሉ፣ በሕመም ምክንያት ከባሕር አገልግሎት የተሰናበቱ መኮንን በሊቨርፑል ከተማ አንድ የጥናት ክፍል እንዲያቋቁሙ ታዘዙ። አብረዋቸው የሠሩት አብዛኞቹ በሴቶች የባሕር ኃይል አገልግሎት የተመዘገቡ ወጣቶች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም መካከል ከእናንተ በዕድሜ እምብዛም የማይበልጡ ነበሩ። የአዳራሹን ወለል እንደ ባሕር ቈጥረው፣ ትናንሽ የመርከብ ምስሎችን እያንቀሳቀሱና መንገዳቸውን በጠመኔ እያሰመሩ ተጫወቱ። ሰርጓጅ መርከቡ በሌሊት ከበስተኋላ ሾልኮ በጭነት መርከቦቹ መካከል ገብቶ እንደሚተኩስ የተረዱትም በዚህ ጨዋታ ነው። መከላከያ ዘዴ ቀየሱ፤ ብዙ ሺህ መኮንኖችም እዚያው ወለል ላይ ተማሩት። ባሕር ላይ ተዋግተው የማያውቁ ልጃገረዶች የባሕር መኮንኖችን አስተማሩ ማለት ነው።

ይህ የሆነው ግን ጨዋታው እውነትን እንዲናገር ስለተፈቀደለት ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት መጀመሪያ የጃፓን የባሕር ኃይል አዛዦች ሚድዌይ የምትባለውን ደሴት ለመያዝ ያወጡትን ዕቅድ በጨዋታ ፈተኑት። ዳይስ ተጣለ፤ ዘጠኝ ቦምቦች አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦቻቸውን እንደመቱና ሁለቱ እንደሰመጡ ተፈረደ። ጨዋታውን የሚመሩት አድሚራል ኡጋኪ ግን ፍርዱን አልተቀበሉትም። ዘጠኙን ቦምብ ሦስት አሉት፤ ከሰመጡት አንዲቱ ዳነች፤ ሌላይቱም ቆየት ብላ ወደ ጨዋታው ተመለሰች። ከአንድ ወር ያህል በኋላ ውጊያው በእርግጥ ተካሄደ፤ አራት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ሰመጡ፤ ከ3,000 በላይ ጃፓናውያንም አለቁ። ከባሕር ወለል ተነሥታ ወደ ጨዋታው የተመለሰች መርከብ አልነበረችም።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል። በስልኩ ጨዋታ መርከባችን ብትሰምጥ አንድ ቁልፍ ተጭነን እንደገና እንጀምራለን። አድሚራሉ የሠሩትን ስሕተት እኛ በቀን አሥር ጊዜ እንሠራዋለን፤ የሚጠይቀንም የለም። «እንደገና ጀምር» የሚለውን ቃል የለመደ አእምሮ፣ በሕይወት ውስጥ እንደገና የማይጀመር ነገር እንዳለ እንዳይዘነጋ ያስፈራል።

ሌላም የተሰወረ ነገር አለ። በወርልድ ኦፍ ዋርሺፕስ የእያንዳንዱ መድፍ ቅርፅ ሳይቀር ተጠንቅቆ ተሥሏል፤ በመርከቧ ወለል ላይ ግን አንድም መርከበኛ አይታይም። በዚያ ጨዋታ ከሚገኙት መርከቦች አንዷ ሁድ የተባለችው የብሪታንያ የጦር መርከብ ናት። እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 ቀን 1941 ሁድ ከጀርመኗ ቢስማርክ ጋር ስትዋጋ ፈንድታ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሰመጠች። በውስጧ 1,418 ሰዎች ነበሩ፤ የተረፉት ሦስት ብቻ ናቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ቢስማርክም በተራዋ ሰመጠች፤ ከ2,000 በላይ ከነበሩት ሰዎቿም የዳኑት ከ120 አይበልጡም። የቀሩት ልጆች፣ አባቶችና ወንድሞች ነበሩ። በጨዋታው ግን ሁድ ስትሰምጥ የምትታየው የጭስ ደመናና የነጥብ ቍጥር ሆና ነው።

ምናልባት አንድ ተማሪ «በገበጣ ጠጠር ስትበላ የሚያለቅስ የለም፤ ታዲያ ለዚህኛው ስለምን እንጨነቃለን?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን አያስቸግርም። የገበጣ ጠጠር ስም የላትም፤ የማንንም ልጅ አሳፍራ አታውቅም። ሁድ ግን ስም፣ ቀንና የሙታን ዝርዝር አላት። ጨዋታው የታሪክን ስም ከወሰደ የታሪክን ዕዳ አብሮ መውሰድ ይገባዋል፤ ጨዋታው ባይወስደው እንኳ ተጫዋቹ ሊወስደው ይችላል።

የወልድያ፣ የመርሳና የሀብሩ ወጣት ይህን ለመረዳት ከሌላው ይልቅ ቅርብ ነው። ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በነበሩት ወራት አካባቢው በጦርነት ውስጥ አልፏል። ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ሕክምና ጠፍቷል፤ ብዙ ቤተሰብ ተሰድዷል፤ ያልተሰደደውም በቤቱ ተርቧል። በዚያን ጊዜ ጦርነቱ ከላይ እንደሚታይ ካርታ አልነበረም። የእናት ጭንቀት፣ የዱቄት ማለቅ፣ የማይመጣ ዘመድ ወሬ ነበረ። የጨዋታ ሠሪዎች ብዙ መጻሕፍት አንብበውና ብዙ የመርከብ ንድፍ መርምረው ያላገኙትን ዕውቀት የእኛ ልጆች ያለ መጽሐፍ አግኝተውታል። ይህን ዕውቀት ስልክ ሲከፍቱ ከደጅ ጥለውት መግባት የለባቸውም።

ባሕሩስ ቢሆን ከእኛ የራቀ ነውን? ኢትዮጵያ ቀድሞ ምጽዋን ዋና መደብ ያደረገ የባሕር ኃይል ነበራት፤ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በምጽዋ በተካሄደው ውጊያም የባሕር ጦርነትን ምንነት ቀምሳለች። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ መንግሥት ከሆነች ወዲህ የባሕር በር የላትም። ቢሆንም በባሕር ላይ የሚሆነው ነገር እስከ ማሳችን ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ሩቢማር የምትባል የጭነት መርከብ በየመን ጠረፍ አቅራቢያ በሚሳይል ተመታች፤ በመጋቢት መጀመሪያም ሰመጠች። መርከበኞቿ ቢተርፉም የጫነችው ከ20,000 ቶን በላይ ማዳበሪያ አብሯት ሰጠመ። ያ ማዳበሪያ ወደ እኛ የሚመጣ አልነበረም። ነገር ግን ለአገራችን ገበሬ የሚገዛውም ማዳበሪያ በባሕር ተጉዞ በጅቡቲ ወደብ በኩል ይገባል። በባሕር ላይ የሚሰምጥ ጭነት በሀብሩ የጤፍና የማሽላ ማሳ ላይ ሲጠበቅ የሚዘገይ ማዳበሪያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የጭነት መርከብ ስትሰምጥ የሚራበው በመርከቧ ላይ ያልነበረም ሰው ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ለጨዋታው ልክ ይኑረው። የጥናትና የቤት ሥራ ሰዓት እንዳይነካ ይሁን፤ ለኢንተርኔት የሚወጣው ገንዘብም የወላጅ ላብ መሆኑ ይታሰብ። ጨዋታው በነፃ ይገኛል ቢባልም የተሻለ መርከብ ለማግኘት ገንዘብ እንዲከፈል ይጋብዛልና ከዚህ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ አንዲት መርከብ ለመጫወት የመረጠ ተማሪ የመርከቧን ታሪክ ፈልጎ ያንብብ፤ መቼ ተሠራች? ከማን ጋር ተዋጋች? ስንት ሰው ነበረባት? ስንቱስ ተመለሰ? የመድፉን ርቀት በቃሉ የሚያውቅ ልጅ የሰዎቹን ቍጥር ማወቅ አያቅተውም። ሦስተኛ፣ በተሸነፈ ጊዜ «እንደገና ጀምር» የሚለውን ከመጫኑ በፊት ምን እንዳሳሳተው ለጓደኛው ያስረዳ። የሊቨርፑል ወጣቶች ጨዋታቸውን ትምህርት ያደረጉት ስሕተቱን ፊት ለፊት በመመርመር ነው፤ የሚድዌይ አዛዦች ዕቅዳቸውን ጥፋት ያደረጉት ስሕተቱን በመሸፋፈን ነው።

መምህራንም ቢሆኑ ስልኩን ከመንጠቅ ይልቅ ለድርሰት ክፍለ ጊዜ መነሻ ሊያደርጉት ይችላሉ። ተማሪው ትናንት ካሰመጣት መርከብ ላይ አንድ መርከበኛ ይምረጥ፤ ዕድሜውን፣ አገሩንና ቤት የሚጠብቀውን ሰው በሐሳቡ ይፍጠር፤ ከዚያም መርከበኛው በመጨረሻው ሌሊት ለእናቱ የጻፈውን ደብዳቤ አንድ ገጽ አድርጎ ይጻፍለት። ይህን የጻፈ ተማሪ መጫወቱን ላይተው ይችላል፤ መተውም አይገደድም። ነገር ግን ሲያሸንፍ የሚሰማው ደስታ ከእንግዲህ ዕውር ደስታ አይሆንም።

ያንን የመርሳ ልጅ ካገኘሁት ሰንብቻለሁ። ስንለያይ ግን ስልኩን ለጓደኛው አቀብሎ ጥቂት ካሰበ በኋላ «ጋሼ፣ እውነት ግን ስንት ይሆኑ ነበር?» ብሎኝ ነበር። ጨዋታው ያላስተማረውን ጥያቄ ራሱ አገኘው ማለት ነው። ጦርነትን ያየ ትውልድ ከማንም በፊት ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄም ይኸው ነው።