የማይሸመቀቅ ቋጠሮ

በላስታ ተዳፋት ገመድ የማይገባበት ሥራ የለም። አጋሰስ የሚጫነው በመጫኛ ነው፤ በሬም ከገደል አፋፍ ሲግጥ በካስማ ታስሮ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ገመዱ ጥንካሬ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ሲሆን፥ ስለ ቋጠሮው የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የቸኮለ ሰው የሚያስረው ሸምቀቆ ነው። ሸምቀቆ ሲስቡት ይጠብቃል፤ ለጭነት ይህ ደግ ነገር ነው። በበሬ አንገት የገባ እንደ ሆነ ግን፥ እንስሳው ከአፋፉ ሲንሸራተት ከመውደቅ አድኖ አንቆ ይገድለዋል። ለሰውም ያው ነው። በትግራይ ወደ ደብረ ዳሞ የሚወጣ ወንድ 15 ሜትር ያህል ገደል በጠፍር ሲወጣ፥ ሁለተኛ ጠፍር በወገቡ ይታሰርለትና መነኩሴ ከላይ ይስበዋል። እንዲህ ባለ ስፍራ ሸምቀቆ ማሰር ጎድን መጭመቅ ነው።

መርከበኞች ለዚህ መላ ካገኙ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ እንግሊዞች ቦውላይን ይሉታል። በገመዱ ላይ፥ ከጫፉ ራቅ ብሎ፥ የጫፉን ወገን ከላይ ደርቦ ትንሽ ቀለበት መሥራት ነው። ከዚያ ጫፉን ከታች ወደ ላይ በቀለበቱ ማውጣት፥ በዋናው ገመድ ጀርባ ማዞር፥ በዚያው ቀለበት መልሶ ማስገባት። ፈረንጆች ልጆቻቸውን ሲያስተምሩ ጫፉን ጥንቸል ይሉታል፤ እኔ ለተማሪዎቼ ሽኮኮ ብዬዋለሁ፦ ሽኮኮዋ ከዋሻዋ ወጣች፥ ወይራውን ዞረች፥ ወደ ዋሻዋ ተመለሰች። በዚህ የተሠራው ትልቁ ማሠሪያ ቢሳብ ቢጎተት አይጠብም፤ ሸክሙ ሲነሣለትም ያለ ጥርስና ያለ ቢላዋ በጣት ይፈታል።

በቋንቋችን የልቃቂት ጫፍም ውል ነው፥ የሁለት ወገን ስምምነትም ውል ነው። እዚሁ በወሎ፥ በውጫሌ፥ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን አስታውሱ። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው፥ ዳግማዊ ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ ቢፈልጉ በኢጣልያ በኩል መላላክ እንዲችሉ የሚፈቅድ ነበር፤ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ወገን የሚፈታ ቋጠሮ ያሰረ ሲመስለው፥ ሌላው ሸምቀቆ አስሮ ነበር።

ወደ ገመዳችን እንመለስ። ቦውላይንም ነውር አለበት። ሸክም በሌለበት ሲወዛወዝ ሊላላ ይችላል፤ ገመዱ ጠጣርና ሙልጭልጭ ናይለን ሲሆን ይብሳል። ስለዚህ ከዛሬዎቹ ተራራ ወጪዎች ብዙዎቹ ለወገባቸው የ8 ቁጥር መልክ ያለውን ቋጠሮ ይመርጣሉ። በቦውላይን የሚጠቀም ግን ጫፉን ከስንዝር በላይ አስተርፎ፥ በትርፉ ማሠሪያው ላይ ሌላ ቋጠሮ ይጨምርበት፤ ከመንጠልጠሉም በፊት አፋፍ ሳይደርስ በደልዳላ መሬት ላይ ስቦ ይፈትነው።